ከሚፉኔ ጎን የቆመው ሰው

የጃፓኑን ፊልም «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ተዋናዩን ቶሺሮ ሚፉኔን ነው። ሲዘል፣ ሲጮህ፣ ከቁመቱ የሚስተካከል ሰይፍ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲንጎራደድ፣ ወላጆቹ የሞቱበትን ሕፃን ታቅፎ ወንዝ መካከል ሲያለቅስ ማን ይረሳዋል? ክብሩ ይገባዋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በዚያው ፊልም ውስጥ የተላጨ ራሱን በመዳፉ እያሻሸ፣ ሌሎቹ ሲናገሩ በጥሞና ስለሚያዳምጠው ሰው ነው። ስሙ ታካሺ ሺሙራ ነው። የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ካዘጋጃቸው 30 ፊልሞች በ21ዱ ውስጥ አለ። ሚፉኔ ያለው በ16ቱ ነው። እንዲያም ሆኖ ስለ ጃፓን ፊልም በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የሺሙራ ስም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ«እና» በኋላ ነው። ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ክፉ ሰውን መጫወት ለተዋናይ ስጦታ ነው። ክፋት ዕቅድ አለው፣ ምስጢር አለው፤ ተመልካቹ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ዓይኑን አይነቅልም። ደግ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊልም ውስጥ ሲገባ ወይ ሰባኪ ይሆናል፣ ወይ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ተከብሮ ይረሳል። ሺሙራን ከማውቃቸው ተዋንያን ሁሉ የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ደግነትን እንደ ወንጀል ታሪክ ልብ ሰቅሎ የሚያሳይ ሌላ ሰው አላየሁም። መንገዱ ደግሞ ግልጽ ነበር። እሱ የተጫወታቸው ደጎች ንጹሓን አይደሉም። አንዱ ሰካራም ሐኪም ነው፤ አንዱ ጉቦ የበላ ጠበቃ ነው፤ አንዱ ከሬሳ አጠገብ ጩቤ የሰረቀ እንጨት ቆራጭ ነው፤ አንዱ ለ30 ዓመታት ገደማ ወረቀት ላይ ማኅተም ከመምታት በቀር የረባ ነገር ያልሠራ የቢሮ ኃላፊ ነው። ደግነት ላይ የሚደርሱት ተቸግረው፣ አርፍደው፣ አንዳንዴም አፍረው ነው። በሺሙራ ፊት ላይ የምናየው ያንን ጉዞ ነው።

ሰካራሙ ሐኪም በ1948 ዓ.ም. የመጣው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሙ ሳናዳ የሚኖረው በተበላሸ ኩሬ ዳር፣ ድሆች በሚታከሙበት ትንሽ ክሊኒክ ነው። አንድ ሌሊት እጁን በጥይት የተመታ ወጣት የወንበዴ አለቃ ይመጣበታል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ሳይሰጥ ጥይቱን ያወጣለታል፤ ሲያስለውም ሰምቶ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ይለዋል። ወንበዴው ሚፉኔ ነው፤ ያኔ 28 ዓመቱ ነበር፤ ከኩሮሳዋ ጋር ሲሠራም የመጀመሪያው ነው። የፊልሙ ርእስ «ሰካራሙ መልአክ» ነውና ታሪኩ የሐኪሙ ነበር። ሚፉኔ ግን ገና ሲገባ ስክሪኑን በእሳት ሞላው፤ ዓለምም እሱን አየ።

እኔ ግን ይህን ፊልም ስመለከት ደጋግሜ የምቆምበት ቦታ ሐኪሙ በሽተኛውን የሚሰድብበት ነው። ዕቃ ይወረውርበታል፣ ከቤት ያባርረዋል፣ ለሕክምና የመጣውን አልኮል በውሃ በርዞ ይጠጣል፣ ከዚያም ያንኑ የሰደበውን ሰው ፍለጋ ይወጣል። ሺሙራ ቁጣውን የሚጫወተው እንደ ፍቅር መሸፈኛ አድርጎ አይደለም፤ እውነተኛ ቁጣ ነው። በሽተኛው ራሱን ስለሚገድል ተናዷል። እሱ ራሱ በመጠጥ ያንኑ እያደረገ መሆኑን ስለሚያውቅ ደግሞ የበለጠ ተናዷል። እንዲህ ያለውን ሐኪም ሁላችንም የምናውቀው ይመስለኛል፤ መድኃኒቱን የሚሰጥህ እየሰደበህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ቅሌት» በተባለው ፊልም ጠበቃ ሂሩታ ሆነ። ታሪኩ በሐሜት መጽሔት ስሙ የጠፋ ሠዓሊ ስለመሠረተው ክስ ነበር፤ ሠዓሊው ሚፉኔ ነው። ነገር ግን ኩሮሳዋ በግለ ታሪኩ እንደሚናገረው፣ ይህ ደካማ ጠበቃ ጽሑፉን ሲጽፍ ከእጁ አምልጦ ታሪኩን ወሰደው። ሂሩታ ቆማሪ ነው፤ ከተከሳሹ ወገን ጉቦ ተቀብሏል፤ ቤቱ ግን በሳንባ ነቀርሳ የምትማቅቅና አባቷን እንደ መጽሐፍ የምታነብ ልጅ አለችው። ፊልሙ በአጠቃላይ መካከለኛ ነው፤ ይህን ለመሸፈን አልሞክርም። ሺሙራ መጠጥ ቤት ውስጥ በገና ሌሊት ከሌሎች ሰካራሞች ጋር «በሚቀጥለው ዓመት ሰው እሆናለሁ» የሚልበት ትዕይንት ግን ከብዙ ታላላቅ ፊልሞች የሚበልጥ ነው። በዚያው ዓመት አንድን ግድያ በተለያዩ ሰዎች አንደበት የሚተርከው «ራሾሞን» ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ አሸንፎ የጃፓን ፊልምን ለዓለም አስተዋወቀ። እዚያም ስለ ሽፍታውና ስለ ሴትየዋ ብዙ ተወርቷል። የመጨረሻውን ቃል የያዘው ግን እንጨት ቆራጩ ነው። ሌብነቱ ተጋልጦ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ስድስት ልጆች እያሉት የተጣለውን ሕፃን ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚሄደው እሱ ነው። ሺሙራ በዚያ ትዕይንት ኀፍረቱን ባያሳየን ኖሮ የፊልሙ ፍጻሜ ተረት ይሆንብን ነበር።

አሁን ወደ «ኢኪሩ» እንሂድ፤ ስሙ «መኖር» ማለት ነው፤ ዘመኑ 1952 ነው። ይህን ፊልም ከአባቴ ጋር አይቼዋለሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። የግርጌ ጽሑፉን ለማንበብ ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እየነገርኳቸው ነበር የምናየው። ፊልሙ የሚጀምረው በአንድ ሰው የጨጓራ ራጅ ነው፤ ካንሰር አለበት፤ ገና አያውቅም። ከዚያ ሰውየውን፣ ካንጂ ዋታናቤን፣ በወረቀት ክምር መካከል ተቀምጦ እናየዋለን። አንዱን ወረቀት ያነሣል፣ ማኅተም ይመታል፣ ወደ ጎን ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሣል። አባቴ ይህን እንዳዩ «ይህ ሰው ቢሮ ሠርቷል» አሉ። «አባዬ፣ ተዋናይ ነው እኮ» አልኳቸው። «ይሁን፤ ግን ሠርቷል» አሉ።

ልክ ነበሩ። ሺሙራ በ1905 ዓ.ም. ኢኩኖ በምትባል የማዕድን ከተማ የተወለደ፣ ከሳሙራይ ዘር የሚመዘዝ ሰው ነው፤ አያቱ በ1868 በቶባ ፉሺሚ ጦርነት ተዋግተዋል። ኦሳካ ሄዶ ካንሳይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አባቱ ጡረታ ሲወጡ ግን የቀን ትምህርቱን የሚከፍልለት ጠፋ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን በማታ እየተማረ፣ ቀን ቀን በኦሳካ ከተማ ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በዚያው ቴያትር ያዘው፤ ቡድን አቋቋመ፤ ልምምዱ ከሥራው አስቀረው፤ ሥራውንም አጣ፤ ትምህርቱንም ተወ። ወደ ፊልም የመጣው በ1930ዎቹ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሙ በ1934 ወጣ። በ1943 ኩሮሳዋ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ሺሙራ የ38 ዓመት ሰው ሆኖ ሽማግሌ የጁጂትሱ ትግል መምህር ሆኖ ተጫወተ። ከዕድሜው በላይ ሆኖ መታየት የዕድሜ ልክ ሙያው ነበር።

ዋታናቤን ሲጫወት 47 ዓመቱ ነው። ጀርባው የጎበጠው ከእርጅና አይደለም፤ ከመታዘዝ ነው። አንገቱ ወደ ትከሻው ገብቷል። ድምፁ ከጉሮሮው የሚወጣው ተገፍቶ፣ ሻክሮ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው። ይህ ሰው መሞቱን ካወቀ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንም ጀግንነት የለበትም። ገንዘብ ከባንክ አውጥቶ ከማያውቀው ደራሲ ጋር ሌሊቱን ሙሉ በመጠጥ ቤቶች ይዞራል። አንድ ቤት ውስጥ ፒያኖ ተጫዋቹን «ሕይወት አጭር ናት» የሚለውን የ1915 ዘፈን እንዲጫወትለት ይጠይቃል፤ እየዘፈነም እንባው ይፈሳል፤ የሚጨፍሩት ወጣቶች ቀስ በቀስ ከእሱ ይሸሻሉ። ሺሙራ በ1939 በአንድ የሳሙራይ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ውስጥ በደስታ የዘፈነ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ነው። እዚህ ያንን ድምፅ ሁሉ አፍኖ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ ከደረቱ ሥር ነው የሚያወጣው። መዝፈን የሚችል ሰው ያልቻለ መስሎ ሲዘፍን ምን ያህል እንደሚከብድ ዘፋኞች ያውቃሉ።

ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ግን ለእኔ የፊልሙ ልብ ነው። ዋታናቤ ቢሮውን ለቃ የመጫወቻ ፋብሪካ ከገባችው ወጣት ሠራተኛ ጋር ቡና ቤት ተቀምጧል። እንዴት እንዲህ ደስተኛ ሆነሽ ትኖሪያለሽ ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ፈርታዋለች፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ምን ይፈልጋል? የምትሠራውን መጫወቻ ጥንቸል ጠረጴዛው ላይ ታስኬድለታለች፤ ይህን ስሠራ የጃፓን ሕፃናት ሁሉ ጓደኞቼ የሆኑ ይመስለኛል ትለዋለች። ሺሙራ ጥንቸሏን ያያል። ምንም አይናገርም። አቀርቅሮ ይቆያል፤ ዓይኖቹ ቀስ ብለው ይሞላሉ፤ ከዚያ አሁንም አልረፈደም ይላል። ጥንቸሏን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ከላይ ያሉት ተማሪዎች ለጓደኛቸው የልደት መዝሙር ይዘምራሉ፤ ልደቷ የሚከበረው ልጅ ደረጃውን እየወጣች ነው። ኩሮሳዋ መዝሙሩን ለዋታናቤ እንደ ዳግም ልደት አድርጎ አስቀመጠው፤ ይህ በሌላ ተዋናይ ፊት ላይ ቢሆን የተጋነነ ብልሃት ይሆን ነበር። ሺሙራ መዝሙሩን ፈጽሞ ስለማይሰማው፣ ሐሳቡ ሁሉ ቢሮው ላይ ስለሆነ፣ ብልሃቱ እውነት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሰውየው መሞቱ ይነገረናል። የቀረው ጊዜ በሙሉ ለቅሶ ቤት ነው። ባልደረቦቹ ሳኬ እየጠጡ፣ ያንን የቆሻሻ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ወደ ልጆች መጫወቻ ሜዳ የለወጠው ማን ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ ምክትል ከንቲባው ክብሩን ለራሱ ወስዷል። በየቢሮው «ይህ የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም» እየተባሉ ሲንከራተቱ የነበሩት እናቶች ገብተው ሲያለቅሱ ክርክሩ ለአፍታ ይቆማል። አባቴ በዚህ ቦታ ላይ ምንም አላሉም፤ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ እንጂ። ዋታናቤን አሁን የምናየው በሌሎች ትዝታ ብቻ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ፣ እያጎነበሰ፣ እምቢ ሲሉት ሳይከራከር ወለሉ ላይ እየተቀመጠ። መሪ ተዋናይ ሆኖ ከፊልሙ አንድ ሦስተኛ በሕይወት አለመኖር ብዙ ተዋንያን የሚቀበሉት ነገር አይመስለኝም። ሺሙራ ግን ሕይወቱን በሙሉ በሌሎች ታሪክ ውስጥ ትንሽ ቦታ ይዞ የኖረ ነውና፣ በአጫጭር ቅንጣቶች ሰውን ሙሉ አድርጎ ማሳየት ያውቅበታል።

የሁለት ዓመት ልዩነት ብቻ ነው በዋታናቤና በሳሙራዮቹ መሪ በካምቤይ መካከል። «ሰባቱ ሳሙራይ» በሚያዝያ 1954 ሲወጣ ያ የጎበጠ የቢሮ ሠራተኛ ጠፍቷል፤ በቦታው ትከሻው የሰፋ፣ አረማመዱ የረጋ የጦር መሪ ቆሟል። መጀመሪያ ስናየው ወንዝ ዳር ተቀምጦ ጸጉሩን እየተላጨ ነው። ሌባ ሕፃን ይዞ ጎተራ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ካምቤይ መነኩሴ መስሎ ለመግባት የሳሙራይ ክብር ምልክት የሆነውን ቁንጮ ቆርጦ ይጥላል። የመንደሩ ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። ሺሙራ ፊት ላይ ግን የመሥዋዕትነት ስሜት ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ልክ ፊቱን እንደሚታጠብ ሰው ነው። ያ የተላጨ ራስ ከዚያ በኋላ በፊልሙ በሙሉ ይከተለዋል፤ ሲያስብም፣ ሲያፍርም፣ ሲስቅም እጁ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ትንሽ ልማድ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ በሚሄድ ፊልም ውስጥ ሳትሰለች ሰውየውን ታሳድገዋለች።

መንደራቸውን ከሽፍቶች እንዲጠብቁላቸው ሳሙራዮችን የሚለምኑት ገበሬዎች ነጭ ሩዝ አቅርበውላቸው እነሱ ማሽላ መሰል ነገር እንደሚበሉ ሲነገረው፣ ካምቤይ ሳህኑን ተቀብሎ ይህን ሩዝ በከንቱ አልበላውም ይላል። ውሳኔው ይህ ነው። ሽልማት የለም፣ ክብር የለም፣ የሚያውቀው ሊሞት እንደሚችል ብቻ ነው። ሚፉኔ ገበሬዎችን ተንኮለኞች፣ ውሸታሞች፣ ቋጣሪዎች እያለ ሰድቦ፣ ግን እንዲህ ያደረጋቸው ማን ነው? እናንተ ሳሙራዮች ናችሁ ብሎ የሚጮህበት ታላቅ ንግግር አለ። ሁሉም የሚያደንቀው ንግግሩን ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን የሺሙራን ፊት ግን ልብ በሉ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ተሸንፏል፤ በእርጋታ «የገበሬ ልጅ ነህ አይደል?» ይለዋል። ንግግሩ እውነት መሆኑን የምናምነው ይህ ሰው ስላመነ ነው። ይኸው ሰው ቆየት ብሎ ቤታቸውን ብቻ ሊጠብቁ የሚፈልጉ ገበሬዎች ከሰልፉ ሲወጡ ሰይፉን መዝዞ ያሳድዳቸዋል፤ በእውነት ያስፈራል። ደግነቱ ጥርስ ያለው ነው።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ላይ ደግሞ «ጎድዚላ» ወጣ። ጎማ ልብስ የለበሰ ጭራቅ ቶኪዮን የሚረግጥበት ፊልም ውስጥ ሺሙራ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶክተር ያማኔ ነው። ሁሉም ይገደል ሲሉ እሱ ይጠና ይላል፤ ማንም አልሰማ ሲለው ክፍሉ ገብቶ መብራት አጥፍቶ ብቻውን ይቀመጣል። ጭራቁ እውነተኛ የሚመስለን እሱ ስላዘነለት ነው። ልጆች ሆነው ይህን ያዩ ሚሊዮኖች ስሙን ሳያውቁ ፊቱን ያውቁታል።

ከ1954 በኋላ ኩሮሳዋ ለሺሙራ መሪ ሚና አልሰጠውም። በ1955 ስለ አቶሚክ ቦምብ ፍርሃት በሠራው ፊልም ሽማግሌውን እንዲጫወት ያደረገው የ35 ዓመቱን ሚፉኔን ነበር፤ ጸጉሩን አሽብቶ። ሺሙራ በሽምግልና ጉዳዩን ከሚያዩት አንዱ ሆነ። ይህ ውሳኔ ዛሬም አይዋጥልኝም። ሚፉኔ ድንቅ ነው፤ ግን ሜካፑን አያለሁ። ከዚያ በኋላ የሺሙራ ሚናዎች እየጠበቡ ሄዱ፤ የሳኬ ነጋዴ፣ ሙሰኛ ሹም፣ የፖሊስ አለቃ፣ ሀብታም በሽተኛ። ሚፉኔ በ1961 እና በ1965 በቬኒስ ምርጥ ተዋናይ ተባለ። ሺሙራ በዓለም መድረክ ያገኘው ከፍተኛ ቦታ «ኢኪሩ» ብሪታንያ ዘግይቶ ሲደርስ በ1960 ለብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ሽልማት መታጨቱ ነው፤ አላሸነፈም። «ኢኪሩ» በ2022 በእንግሊዝ እንደገና ሲሠራ ያንኑ ሰው የተጫወተው ቢል ናይ ለኦስካር ታጨ። ናይ ግሩም ሥራ ሠርቷል። ሺሙራ ግን ለኦስካር ታጭቶ አያውቅም።

ከኩሮሳዋ ውጭ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1969 በዮጂ ያማዳ የተጀመረው የቶራ ሳን ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ላይ ሰርግ አለ። የሙሽራው አባት ፕሮፌሰር ነው፤ ከልጁ ጋር ተቀያይሞ ስምንት ዓመት አልተያዩም። ሰርጉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ሁሉም ሊያሳፍረን ነው ብሎ ሰግቷል። የቤተሰብ ምስጋና ሲደርስ ይነሣል፤ ረጅም ዝምታ አለ። ከዚያ እንደ ወላጅ ለመናገር እንኳ እንደማይገባው፣ ልጁን በእነዚህ ዓመታት ምንም እንዳላደረገለት፣ ዛሬ ግን የወዳጆቹን ፍቅር ሲያይ ከረጅም ክረምት በኋላ ፀደይ እንደመጣለት ይናገራል። ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ኮሜዲ ፊልም ነው፤ እኔ ግን በዚያ ቦታ ሳላለቅስ አልፌ አላውቅም።

ኩሮሳዋ ከ1965 በኋላ ከሚፉኔ ጋር ዳግመኛ አልሠራም። ለሺሙራ ግን በ1980 በ«ካጌሙሻ» ውስጥ ሆን ብሎ ሚና ጻፈለት፤ 75 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ዘንባባ፣ አሸነፈ። ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲላክ ግን ወደ 20 ደቂቃ ተቆርጦ ወጣ፤ ከተቆረጡት መካከል የሺሙራ ትዕይንቶች ነበሩ። በምዕራቡ ዓለም ያለ ተመልካች ሺሙራ በፊልሙ ውስጥ መኖሩን ያወቀው ሙሉው ቅጂ በ2005 በዲቪዲ ሲወጣ ነው። እሱ የካቲት 11 ቀን 1982 በሳንባ በሽታ አርፏል። ከ1934 ጀምሮ ከ200 በላይ ፊልሞች ውስጥ ታይቷል።

ስለ 1949ኙ «የባዘነ ውሻ» እስካሁን ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሺሙራን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። ወጣቱ መርማሪ፣ ሚፉኔ፣ በሙቀት በሚነድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሽጉጡን ይሰረቃል፤ ሽጉጡ በተተኮሰ ቁጥር ራሱ የተኮሰ ያህል ይሰቃያል። ሺሙራ አብሮት የሚመደበው አዛውንት መርማሪ ሳቶ ነው። ሚፉኔ በር ከፍቶ ሲገባ ሳቶ ተጠርጣሪዋን ሴት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ሲጋራ ሰጥቷት፣ ሁለቱም አይስክሬም እየላሱ ይጫወታሉ። ወጣቱ በችኮላ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቶ ደግሞ መልሱን በሳቅ መካከል አንድ በአንድ ይለቅማል። ማታ ቤቱ ወስዶ ቢራ ያጠጣዋል፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ተኝተው ያሳየዋል፤ ስለ ወንጀለኞች ብዙ ማሰብ እንደማይገባ፣ መጠበቅ ያለባቸው እነዚህ መሆናቸውን ይነግረዋል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሳቶ ይልቅ ከወጣቱ ጋር እስማማለሁ፤ ፊልሙም የሚስማማ ይመስለኛል። ሺሙራ ግን ሳቶን እንዲህ የተሟላ ሰው አድርጎ ስለሚጫወተው ክርክሩ እኩል ይሆናል፤ ለዚህም ነው ፊልሙ ከ70 ዓመት በኋላም ያላረጀው። ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው። እሱን ካያችሁ በኋላ ወደ «ኢኪሩ» ሂዱ፤ የምትወዱት በዕድሜ የገፋ ሰው ካለም አብራችሁ እዩት።